ጥሩምባው ሳይነፋ



በአዋጅ ቁጥር 1267/2014 መሠረት የመንግሥት ሠራተኛ በ60 ዓመቱ ጡረታ ይወጣል። ደመወዙን የጡረታ አበል ይተካዋል፤ የመሥሪያ ቤት ባልንጀራን ግን ምን ይተካዋል? እኔ መዝገብ ቤቱን ባስረከብሁ ማግሥት ጧት ለባብሼ ደጅ ላይ ቆሜ ቀረሁ። መሄጃ የለማ!

ያዳነኝ ቡናው ነው። እዚሁ አርቦዬ አራት ጡረተኞች በየጧቱ ተራ ገብተን ቤት ለቤት እንጠጣለን።

አምና አንዱ ቀረ። “ገበያ ሄዶ ይሆናል” ብለን ዝም አልን። በሦስተኛው ቀን ብንሄድ በትኩሳት ወድቆ ብቻውን አገኘነው። ፈጣሪ ይመስገን፣ ተረፈ። እኛ ግን አፈርን።

ስንሞት እድሩ ድንኳን ይተክላል። ጥሩምባው ሳይነፋስ ማን በራችንን ያንኳኳል? ስለዚህ የምለምናችሁ፦ ከቡና የቀረ ሰው በዚያው ቀን ይጠየቅ።