የሐራጅ መጋዘን ከመግዛት በፊት

(በአንበሳሜ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት የቀረበ ንግግር)



አንድ መሠረታዊ ማኅበር ለእህሉ መጋዘን ቸግሮታል እንበል። በዚህ መሐል አንድ ባንክ አንበሳሜ ከተማ ውስጥ የተበዳሪን ቤት በሐራጅ ሊሸጥ ማስታወቂያ ለጠፈ፤ መነሻ ዋጋውም ረከስ ያለ ነው። የሚወጣው ብር ግን የአባላት ዕጣ ስለሆነ ርካሽነቱ ብቻ ሊያጣድፍ አይገባም።

ባንኮች በመያዣ የያዙትን ቤት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚሸጡት በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት፣ ለተበዳሪው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ነው። ሐራጁ ሕጋዊ ሆነ ማለት ግን ቤቱ ከእዳና እገዳ ነፃ ነው ማለት አይደለም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንደሚያዘው፣ የቤት መያዣ የሚጸናው ሲመዘገብ ነው። ቅድሚያውም የሚቆጠረው ብድሩ ከተሰጠበት ቀን ሳይሆን ከምዝገባው ቀን ነው። ቤቱ 400 ሺህ ብር ቢሸጥና ቀድሞ ያስመዘገበው 300 ሺህ፣ ተከታዩ 150 ሺህ ቢጠይቁ፣ የፊተኛው ሙሉውን ይወስዳል፤ ለኋለኛው 100 ሺህ ይተርፈዋል። ይህ የአበዳሪዎች ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ሆኖም መያዣ ቤቱን ይከተላል፤ ቤቱ እጅ ቢለውጥም ባለመያዣው ከገዢው ላይ ሊያስከብረው ይችላል። ሻጩ ኋለኛው አበዳሪ ሆኖ የፊተኛው ሳይከፈለው ከቀረ ጣጣው ለማኅበሩ ነው። ምዝገባው 10 ዓመት ይጸናል፤ ስለሚታደስም «የድሮ እዳ ነው» ተብሎ አይታለፍም።

የሐራጅ ማስታወቂያዎች አብዛኛውን ጊዜ የመነሻ ዋጋውን ሩብ በሲፒኦ ማስያዝ ይጠይቃሉ። ከዚያ በፊት ከማኅበሩ ሁለት ሰዎች ማዘጋጃ ቤት ሄደው ፋይሉን ያስመርምሩ። ካርታው በማን ስም ነው? ከባንኩ ሌላ መያዣ ያስመዘገበ አለ? የፍርድ ቤት እገዳ፣ ያልተከፈለ ሊዝ ወይም ግብርስ? መልሱ ማኅተም ባለው ደብዳቤ ይሁን፤ የቃል መልስ ነገ ማስረጃ አይሆንም። ባንኩም ቤቱን ባዶ አድርጎ ያስረክብ እንደሆነ፣ የስም ማዛወሪያውን ማን እንደሚከፍል ይጠየቅ። ከሁሉ የሚያስቸግረው የትዳር ጓደኛ ያልፈረመበት መያዣ ነው። ባልየው ብቻውን ያስያዘው የጋራ ቤት ከተሸጠ፣ ሚስት ክስ ይዛ የምትመጣው ማኅበሩ እህሉን ካስገባ በኋላ ሊሆን ይችላል።

የእርሻ መሬት ጉዳይ ለብቻው ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬት እንዳይሸጥ ከልክሏል። የክልሉ አዋጅ ቁጥር 252/2009 በመያዣ እንዲሰጥ የፈቀደው የመጠቀም መብቱን ነው። ስለሆነም «የእገሌን ማሳ በሐራጅ ገዛሁ» የሚል ሰው ቢመጣ፣ ማኅበሩ ከእሱ ጋር ከመዋዋሉ በፊት የወረዳውን የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ።