የጋለ ድንጋይና የአዛውንቶች እግር

(በአፉላ ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ አውቶቡስ ለሚጠብቁ ወላጆችና አዛውንቶች የተደረገ ንግግር)

አውቶቡሱ እስኪመጣ ጥቂት ደቂቃ ጆሯችሁን አውሱኝ።

ባለፈው የብርድ ወራት እዚሁ ታሃና ውስጥ አንዲት እናት አጠገቤ ተቀመጡ። አንድ እግራቸው በሻሽ ተጠቅልሏል። «እማማ፣ ምን ነካዎት?» አልኳቸው። «ድንጋይ ነው ልጄ። ሰንበት ሳይገባ በጋዝ ምድጃ አግዬ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ከእግሬ ሥር አድርጌ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ቆዳዬ ተልጧል። ስላላመመኝም፣ ሰንበትም ስለሆነ ለማንም አልነገርኩም» አሉኝ።

እኚህ እናት አላዋቂ አይደሉም። በሀገር ቤት ሰንበት ሳይገባ እሳት እናጠፋ ነበር። እሳቱ ከጠፋ በኋላም ጉልቻው ሙቀቱን ይዞ እንደሚቆይ ሁላችንም እናውቃለን። ድንጋይ ቀስ ብሎ ይግላል፣ ቀስ ብሎም ይበርዳል። ብልሃቱ ያው ነው፤ የተለወጠው እግራችን ነው።

የስኳር በሽታ ብዙ ዓመት ሲቆይ የእግርን ነርቭ ይጎዳል። ጤነኛ ሰው ሲያቃጥለው እግሩን ይሰበስባል፤ ነርቩ የተጎዳ ሰው ግን እንቅልፉን ይቀጥላል። ለመቃጠል ደግሞ ፍም አያስፈልግም። 44 ዲግሪ ሙቀት ያለው ነገር 6 ሰዓት ያህል ከቆዳ ጋር ተጣብቆ ከቆየ ያቃጥላል። 60 ዲግሪ ከሆነ ጥቂት ሰከንድ ይበቃዋል። የስኳር በሽተኛ ቁስል ቶሎ አይድንም፤ ችላ ከተባለ እግር እስከ መቁረጥ ያደርሳል።

ሌላም አደጋ አለ። ውሃ የጠጣ ድንጋይ ሲግል ውስጡ ያለው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ሊያፈነዳው ይችላል። ከሰል ቤት ውስጥ ማንደድ ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው። የሀገር ቤት ጎጆ ነፋስ ያስገባ ነበር፤ የዚህ ሀገር መስኮት ግን ጥርቅም ብሎ ይዘጋል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው የተኛን ቤተሰብ ሳይታወቅ ይገድላል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

• ልጆች፣ ሰንበት ሳይገባ የወላጆቻችሁን መዝጋን በሰዓት ሙሉላቸው። ወፍራም ካልሲና ተጨማሪ ብርድ ልብስ አዘጋጁላቸው።

• የሞቀ ውሃ የሚሞላበት ላስቲክ ካላችሁ የፈላ ውሃ አትጨምሩበት። አልጋውን ያሙቅ፤ ስትተኙ ግን አውጡት።

• የተቃጠለውን ቦታ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ አፍስሱበት። ቅቤ፣ ቡና፣ የጥርስ ሳሙናም ሆነ በረዶ አታድርጉበት። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት።

• የስኳር በሽታ ያለበት ሰው እግሩ ከተቃጠለ፣ ባያመውም እንኳ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

ሰንበት ቢሆንስ? ነፍስ ማዳን ሰንበትን ይሽራል፤ ይህ የሃይማኖታችን ሕግ ነው። የሚያሰጋ ነገር ካለ በሰንበትም ወደ ማጌን ዳቪድ አዶም፣ ወደ 101 ደውሉ። ሰንበት እስኪወጣ ብላችሁ አትጠብቁ።

እኚያ እናት ቁስላቸውን ለሐኪም ያሳዩት ከ3 ቀን በኋላ ነበር። ልጆቻቸው ቀድመው ቢያዩት ኖሮ 3 ቀን ባልባከነ ነበር። አዛውንት ካልታመማቸው አይናገሩም፤ የማያም ቁስል ደግሞ በዓይን ካልታየ አይገኝም። ስለዚህ ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ የእናት የአባታችሁን ካልሲ አውልቃችሁ የውስጥ እግራቸውን እዩ።