ክቡ ስሙኒ ማን ጋ አለ?

ኪሳችሁ ውስጥ የአንድ ብር ሳንቲም ካለ አውጡትና ያዙልኝ። ዳሩና መሀሉ ቀለማቸው ይለያያል። ሁለት ብረት ተገጣጥሞ ባንድ ምት ስለሚታተም ነው። መሀሉ ሸሽቶ ዳሩ ላይ ከወጣ ወይም የአንበሳው ራስ በግማሽ ብቻ ከታተመ ማተሚያው ስቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለው በቁጥጥር ተለይቶ ይወገዳል፤ አንዳንዱ ግን ያመልጣል። ሳንቲም ሰብሳቢ የሚያሳድደው ያመለጠውን ነው።

ለምሳሌ በ2008 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የ20 ፔንስ ዓመተ ምሕረት ከጀርባው ወደ ንግሥቲቱ ገጽ ሊዛወር ተወስኖ ነበር። አሮጌው የንግሥቲቱ ማተሚያ ከአዲሱ የጀርባ ማተሚያ ጋር ተገጠመና በሁለቱም በኩል ዓመት የሌለው ሳንቲም ወጣ። ሰብሳቢዎች ከ20 ፔንስ ብዙ እጥፍ ከፍለውበታል።

እዚህ ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ ግን ነገሩ ይለወጣል። እንግሊዛዊው ተጓዥ በርተን በ1855 እ.ኤ.አ. ሐረር ሲገባ ገበያው የሚሠራው በመሐለቅ ነበር፤ ከተማዋ ራሷ በምታትመው ትንሽ የናስ ገንዘብ። መሐለቅ በእጅ ተመትቶ የሚወጣ ስለሆነ ጽሑፉ ወደ ዳር ይሸሻል፣ ፊደሉም ይቆረጣል። ስለዚህ የተዛባ መሐለቅ ይዛችሁ «ስህተት ነውና ውድ ነው» ብትሉ አያስኬድም፤ ሁሉም እንደዚያው ነውና። እንዲያውም እዚያ ብርቁ ጽሑፉና ዓመቱ ሙሉ ሆኖ የሚነበበው ነው።

ከኛዎቹ ሁሉ እኔን የሚማርከኝ ስሙኒ ነው። 1936 ዓ.ም. የሚል የታተመበት የጃንሆይ ስሙኒ መጀመሪያ ክብ ነበር፤ ከመዳብ የተሠራ። ሽልንጉ ደግሞ የብር ሆኖ በስፋት ይቀራረባሉ። ብልጣ ብልጦች ስሙኒውን ብር እየቀቡ በሚበልጠው በሽልንግ ዋጋ አሳለፉት። መንግሥት ክቡን ሰበሰበና ዳሩ እንደ አበባ ቅጠል የተከፈተ ስሙኒ አወጣ፤ ባለአገሩ ማየት ቢሳነው እንኳ በጣቱ ዳብሶ ይለየው ጀመር። እዚህ ማተሚያው አልሳተም፤ የሳተው መጠኑን የመረጠው ሰው ነው። በኔ ግምት ይህ ከማሽን ስህተት ይበልጣል፤ የገበያውን ተንኮልና የመንግሥቱን መልስ ባንድ ሳንቲም ላይ ታነቡታላችሁ። ዛሬ ክቡን ማግኘት ከባለአበባው ይከብዳል።

ክብ ነው ተብሎ ከተሰጣችሁ ስፋቱን ከባለአበባው ጋር አስተያዩ። አበባውን በሞረድ አስተካክሎ ክብ ያስመሰለ ሰው ሳንቲሙን ማሳነሱ አይቀርም። ዳሩን በአጉሊ መነጽር ስታዩትም የሞረዱ ጭረት ይታያል። በመዶሻ የተጣመመ፣ የተበሳ፣ በእሳት የጠቆረ ሳንቲምም የማተሚያ ስህተት አይደለም፤ ያ ከወጣ በኋላ የደረሰበት ጉዳት ነው።

አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ። ያገኛችሁትን ሳንቲም በአመድም በሎሚም አትፈትጉት። ለማስቀለጥም አትቸኩሉ፤ ጠገራ ብሮች ጌጥ ለመሥራት ስንት ጊዜ ቀልጠዋል፤ ከአያት ሣጥን የወጣ መሐለቅ ያንጥረኛ እሳት ውስጥ ሲገባ ማሰብ ያሳምመኛል። ከማስቀለጣችሁ በፊት ራስ ተፈሪ ቤት ወዳለው የሸሪፍ ሙዚየም ሂዱና እዚያ ከተቀመጡት መሐለቆች ጋር አስተያዩት። ስትይዙትም ፊቱን በጣት አትንኩ፣ ዳርና ዳሩን ያዙ።