አረጋውያን፣ የእግር ጉዞና የልብ ጤና
(ለኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት የቀረበ ንግግር፣ ጫኖ)



እንደሚታወቀው ጫኖ የሙዝ አገር ነው። ቀደም ሲል ገበያ የሚኬደው በእግር ነበር። ዛሬ አይሱዙ ማሳው አጠገብ ቀርቦ ይጭናል፤ አርባ ምንጭ ለመድረስም ባጃጅና ሞተር ሳይክል አለ። ይህ የልፋት ውጤት በመሆኑ ያስደስታል። ይሁን እንጂ ያልታሰበ ነገርም አስከትሏል። ማሳውን ለልጆቹ ያስረከበ አባት ጠዋት ከደጁ፣ ከሰዓት ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይውላል። «አባባ፣ ይረፉ፤ ብዙ ደክመዋል» ይባላል። አክብሮቱ መልካም ነው፤ ልብ ግን በመቀመጥ አይጠነክርም።

የሐሬን ወንዝ በቦይ ጠልፎ የሚያጠጣ ገበሬ ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ቦዩ ደለል ሲሞላው ውሃው ከታች ያለው ማሳ አይደርስም። የደም ሥርም ዕድሜ ሲገፋ ይደድራል፣ ስብም ሊከማችበት ይችላል። ያን ጊዜ ልብ ደሙን ለመግፋት አብዝቶ ይለፋል። የደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምልክት ስለማያሳይ፣ ሰው ጤነኛ ነኝ ብሎ ተቀምጦ ሳለ ይጎዳዋል። አዘውትሮ መራመድ የልብን ጡንቻ ያጠነክራል፤ የደም ግፊትንና ስኳርን ዝቅ ለማድረግም ይረዳል። ሆኖም ደለል በአንድ ቀን ዘመቻ ይጠረጋል፤ የደም ሥር ግን የየዕለት እንክብካቤ ይሻል።

ይህ በጥናት የተደገፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በታተመ ጥናት በለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉት ትኬት ቆራጮች፣ ተቀምጠው ከሚውሉት ሹፌሮች ይልቅ በልብ ሕመም የሚያዙት ጥቂት ሆነው ተገኝተዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ይህም በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን ማለት ነው።

አጀማመሩ ቀስ በቀስ ይሁን። ለመጀመሪያው ሳምንት 10 ደቂቃ ይበቃል። እየተራመዱ መጨዋወት ከተቻለ፣ መዝፈን ግን ካቃተ፣ ፍጥነቱ ልክ ነው። የጫኖ ፀሐይ ብርቱ በመሆኑ ጠዋት በማለዳ መውጣት፣ ውሃም መጠጣት ያስፈልጋል። ሲመሽ የወባ ትንኝ ስለሚበዛ ከዚያ በፊት ቤት መግባት ይበጃል። በአስፋልቱ ዳር የሚሄዱ መኪናውን ፊት ለፊት እንዲያዩ ግራቸውን ይያዙ። ምርኩዝ የሚያስፈልገው ሰው ምርኩዙን ለመያዝ አይፈር።

ደረት የሚጨንቅ፣ ትንፋሽ የሚያጥር ወይም የሚያዞር ከሆነ ወዲያው ቆሞ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል። የልብ ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ባለሙያ ያማክር። የግፊት መድኃኒት የሚወስድም «መራመድ ጀምሬያለሁ» ብሎ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ።

ስለሆነም መሠረታዊ ማኅበራት ጠቅላላ ጉባኤና የትርፍ ክፍፍል በሚካሄድበት ቀን የጤና ባለሙያ ጋብዘው የአረጋውያን የደም ግፊት እንዲለካ ቢያደርጉ፣ የቀበሌ አመራሮችም የእግረኛ መንገዶችን ቢያስጠርጉ ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ብዙ ነው። ልጆችም «አባባ፣ ይረፉ» ከማለት ይልቅ «አባባ፣ ማሳውን አብረን ዞር ዞር ብለን እንየው» ይበሉ። እነዚህን ማኅበራት ያቆሙ አባቶችና እናቶች የድካማቸውን ፍሬ በጤና እንዲበሉ የሁሉም ኃላፊነት ነው።