በቅዱስ ቁርባን ፊት ስለሚዘመሩ መዝሙሮች
በኢዮቤልዩ በዓል ቀን ለጉለሌ ምእመናን የተነገረ ቃል



በዚህ በደስታችን ቀን ልናገረው የወደድሁት በቅዱስ ቁርባን ፊት ስለምንዘምራቸው መዝሙሮች ነው። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ «ታንቱም ኤርጎ» የተባለውን መዝሙር በላቲን ቋንቋ ብዙ ዘመን ዘመርሁ፤ ዜማውን አውቅ ነበር፥ ትርጓሜውን ግን አላውቅም ነበር። ካህን ከሆንሁ በኋላ አንድ ሕፃን «አባ፥ ምን ማለት ነው?» ብሎ ቢጠይቀኝ መልስ አጥቼ አፈርሁ።

ይህ መዝሙር «ፓንጄ ሊንጓ» የሚባለው ባለ ስድስት አንቀጽ መዝሙር መጨረሻ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኡርባኖስ 4ኛ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1264 ዓ.ም. የቅዱስ ሥጋውና የክቡር ደሙ በዓል እንዲከበር ባዘዙ ጊዜ፥ በቤተ ክርስቲያን ትውፊት እንደሚነገረው፥ የበዓሉን ጸሎትና መዝሙር የደረሰው ቅዱስ ቶማስ አኵዊናስ ነው። በስሙ የሚጠራው «አዶሮ ቴ ዴቮቴ» ደግሞ በዚህ ምሥጢር ፊት ዓይንና እጅ ምላስም እንደሚሳሳቱ፥ ጆሮ ብቻ ግን በሰማው የጌታ ቃል ጸንቶ እንደሚያምን ያስተምራል።

እንግዲህ የዚህ ምሥጢር እምነት በጆሮ የሚገባ ከሆነ፥ የማናስተውለውን ቃል መዘመር ደጁን ዘግቶ እንግዳ እንደ መጥራት ነው።

ይህም ነገር ላቲኑን ብቻ የሚመለከት አይደለም። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1839 ዓ.ም. ወደ አገራችን የመጡት ቅዱስ ዩስቲኖስ ዴ ያቆቢስ፥ ማለት አቡነ ያዕቆብ፥ የግእዙን ሥርዐት አክብረው ያዙ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1964 ዓ.ም. የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሥርዐታቸውን እንዲጠብቁ አዘዘ። በግእዙ ቅዳሴ ካህኑ ይህ በእውነት የጌታ ሥጋና ደም እንደ ሆነ ሲመሰክር ሕዝቡ «አሜን» ይላል። ነገር ግን ከእኛ መካከል ስንቱ ምን ሰምቶ «አሜን» እንዳለ ያውቃል?

ስለዚህ ላቲኑንም ግእዙንም አንጣል፤ ሁለቱም ርስታችን ናቸው። የሽሮ ሜዳ ጎረቤቶቻችን ሸማኔዎች ድሩን ሳይዘረጉ ማጉን አይወረውሩም፤ እኛም ትርጓሜውን አስቀድመን ዜማውን እናስከትል። በየእሑዱ ከመዝሙሩ በፊት አንድ አንቀጽ በአማርኛ ይተርጐም፤ ወላጆችም በቤት ልጆቻቸውን ይጠይቁ። ያን ጊዜ የሚጠይቅ ሕፃን መልስ የሚሰጠው አያጣም።

ስለ እኛ ራሱን መብል አድርጎ ለሰጠን ለጌታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ ክብርና ምስጋና ይሁን፤ ለዓለመ ዓለም፤ አሜን።