የካውንስል ቤት ለማመልከት ማወቅ የሚገባን
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ከአባላት አንዱ ያደረጉት ንግግር። ስብሰባውን ላልተካፈሉ ነዋሪዎች እንዲጠቅም በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ወጥቷል።)



ዛሬ እንድናገር የታዘዝኩት ስለ ካውንስል ቤት ነው። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን እዚሁ ለንደን ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ቤት ስጠብቅ ስለኖርኩ፣ ከዚያም ወዲህ የማኅበራችን አባላት ማመልከቻ ሲሞሉ ስረዳ ስለቆየሁ፣ የማውቀውን ሳልነግራችሁ ብቀር ይቆጨኛል።

በመጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ልጄ ሁለት ዓመት ሲሆናት ማመልከቻ አስገባሁና ተመዘገብኩ። ከዚያ በኋላ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። በመካከሉ ከአንድ ኪራይ ክፍል ወደ ሌላ ተዛወርኩ፤ አድራሻዬን ግን ለካውንስሉ አላስታወቅሁም። «አሁንም ቤት ይፈልጋሉ ወይ?» የሚል ደብዳቤ ወደ ቀድሞው አድራሻ ተልኮ ኖሯል። መልስ ሲያጡ ስሜን ሰረዙት። እኔ ተራዬ የቀረበ መስሎኝ ስለት እሳላለሁ፤ ለካ ከመዝገቡ ከወጣሁ ዓመት ተመንፈቅ ሆኖኛል! በአራተኛው ዓመት ሄጄ ስጠይቅ ነው የሰማሁት። እንደገና «ሀ» ብዬ ጀመርኩ። ቁልፍ ስንቀበል ልጄ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። አራት ዓመት የጠፋው በአንድ ደብዳቤ ምክንያት ነው። ይኸ በናንተ እንዳይደርስ ነው ንግግሬ።

ቤቱ ለምን ጠፋ? እንደሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ1980 በወጣው ሕግ የካውንስል ተከራዮች የሚኖሩበትን ቤት በቅናሽ እንዲገዙ መብት ተሰጣቸው። ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጉ ቤቶች ተሽጠዋል፤ በምትካቸው የተሠራው ግን እጅግ ያነሰ ነው። በ2024 በመላ እንግሊዝ በተጠባባቂ መዝገብ ላይ የነበሩት ቤተ ሰቦች ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። እንግዲህ ቤቱ የሚሰጠው ቀድሞ ለመጣ ብቻ አይደለም፤ በይበልጥ ለቸገረው ነው። ችግርን ደግሞ በአፍ ሳይሆን በወረቀት ማሳየት ያስፈልጋል።

በ1996 የወጣው የቤቶች ሕግ እያንዳንዱ ካውንስል ቤት የሚያድልበትን ደንብ ጽፎ እንዲያወጣ ያዛል። ቅድሚያ እንዲሰጣቸው ሕጉ የሚጠቅሳቸውም እነዚህ ናቸው፤

ሀ/ ቤት የሌላቸው፤
ለ/ ቤት አልባ በመሆናቸው ካውንስሉ የመርዳት ግዴታ የገባላቸው፤ ለምሳሌ በጊዜያዊ ቤት የተቀመጡ፤
ሐ/ በተጨናነቀ፣ ለጤና በማይስማማ ወይም ለኑሮ በማይመች ቤት የሚኖሩ፤
መ/ በበሽታ፣ በአካል ጉዳት ወይም በሌላ የኑሮ ችግር ምክንያት መዛወር የሚያስፈልጋቸው፤
ሠ/ ወደ አንድ ሠፈር ካልተዛወሩ ችግር የሚደርስባቸው።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ።

1ኛ/ መመዝገብ የሚችለው ማን ነው? ስደተኛነቱ የታወቀለት፣ ያለ ገደብ የመኖር ፈቃድ ያለው ሰው በአጠቃላይ ሊያመለክት ይችላል። ጥገኝነት ጠይቆ ገና መልስ የሚጠብቅ ወይም በፈቃዱ ላይ ከመንግሥት ርዳታ እንዳይጠቀም የተጻፈበት ሰው ግን በአብዛኛው አይችልም። የእንግሊዝ ፓስፖርት የያዘም ቢሆን ከውጭ አገር ገና ከገባ ነዋሪነቱ ሊጠየቅ ይችላል። ከዚህም ሌላ በ2011 በወጣው ሕግ ካውንስሎች ማን እንደሚመዘገብ ራሳቸው እንዲወስኑ ሰፊ ሥልጣን አግኝተዋል። ስለዚህ አንዱ በክልሉ ሁለት ዓመት የኖረ ይላል፤ ሌላው ሦስት፣ ሌላው አምስት ይላል። «እገሌ በዚያ ማዶ እንዲህ ተደረገለት» የሚባል ወሬ አይሠራም። የራሳችሁን ካውንስል ደንብ አጭር መግለጫ ጠይቁ፤ በነጻ የመስጠት ግዴታ አለባቸው።

2ኛ/ እንግሊዝኛ አልችልም ብላችሁ አትቅሩ። ካውንስሉ ስለ አመለካከቱ በነጻ ምክር እንዲገኝ፣ ማመልከት ለሚከብደው ሰውም አስፈላጊው ርዳታ እንዲሰጥ ሕጉ ያዛል። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባል የለ? አስተርጓሚ ጠይቁ። ልጆቻችንን ከትምህርት ቤት እያስቀረን ማስተርጎም ይቅር፤ የእናት የማሕፀን ሕመም ለአሥር ዓመት ልጅ የሚነገር አይደለም። ማመልከታችሁም ያለ ፈቃዳችሁ ለሌላ ሰው አይነገርም፤ ስለዚህ ጎረቤት ይሰማብኛል ብሎ ማፈር አያስፈልግም።

3ኛ/ ማስረጃ ሰብስቡ። የመኖሪያ ፈቃድ፣ የልጆች የልደት ወረቀት፣ የኪራይ ውል፣ የደመወዝ ወረቀት፣ የባንክ ሒሳብ፣ በየጊዜው የኖራችሁበትን አድራሻ የሚያሳይ ደብዳቤ፤ ይኸን ሁሉ በአንድ ማኅደር አኑሩ። ሐኪም ደብዳቤ ሲጽፍላችሁ «አስም አለባት» ማለቱ ብቻ አይበቃም። ቤቱ በሽታውን እንዴት እንደሚያባብሰው ይጻፍ፤ ሻጋታው፣ ደረጃው፣ ማታ ማታ የሚያነቃት ሳል ይጠቀስ። መጨናነቅን በተመለከተ በ1985ቱ ሕግ ሳሎንም እንደ መኝታ ስለሚቆጠር «አልተጨናነቃችሁም» ልትባሉ ትችላላችሁ። ሆኖም ብዙ ካውንስሎች በደንባቸው ከዚያ የተሻለ መለኪያ አላቸው። በየትኛው እንደተለካችሁ ጠይቁ።

4ኛ/ ቢድ ማድረግ ምንድነው? ብዙ ሰው ጨረታ ይመስለዋል። ገንዘብ መጫረት አይደለም፤ ምንም አይከፈልበትም። ካውንስሉ የተለቀቁ ቤቶችን በየጊዜው ያስታውቃል፤ እናንተ ለቤተ ሰባችሁ ቁጥር የሚመጥነውን መርጣችሁ «ይኸን እፈልጋለሁ» ትላላችሁ። ከጠየቁት መካከል በችግር ደረጃው፣ እነሱ ባንድ ወይም ነጥብ በሚሉት፣ የበለጠው ይቀድማል፤ ደረጃቸው እኩል ሲሆን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የተመዘገበው ያገኛል። የኔን አራት ዓመት የበላውም ይኸው የምዝገባ ቀን ነው። ቢድ ካላደረጋችሁ ብዙ ጊዜ የሚያስታውሳችሁ የለም። ደግሞም የተሰጠን ቤት አለመቀበል ከደረጃ ሊያወርድ፣ ካውንስሉም ርዳታውን እንዲያቋርጥ ሊያደርግ ስለሚችል፣ «እምቢ» ከማለታችሁ በፊት አማካሪ ጠይቁ።

5ኛ/ ለውጥ ሲኖር አስታውቁ። አድራሻ፣ ስልክ፣ ልጅ መውለድ፣ ሕመም፣ ሥራ መግባት፣ ሁሉንም በጽሑፍ አስታውቁ፤ ቅጂውንም አስቀሩ። በዓመት የሚመጣውን የማደሻ ጥያቄ በሳምንቱ መልሱ።

6ኛ/ እውነቱን ብቻ ጻፉ። «ከባሌ ተለያየሁ በይ፣ ቶሎ ታገኛለሽ» የሚል መካሪ አይጠፋም። እያወቁ የሐሰት ቃል መስጠት ወንጀል ነው፤ የተገኘ ቤትም ሊወሰድ ይችላል። የካውንስል ቤት አግኝቶ ለሌላ ማከራየትም በ2013 በወጣው ሕግ ያስከስሳል። «ይኸን ያህል ክፈለኝ፣ ቤት አስወጣልሃለሁ» የሚል ሰው ቢመጣ አጭበርባሪ መሆኑን እወቁ። ተራ አይሸጥም።

7ኛ/ አከራይ «ውጣ» ቢል ዕቃ ይዛችሁ አትውጡ። ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ሕግ መሠረት በ56 ቀን ውስጥ ቤት አልባ ሊሆን የሚችል ሰው ካውንስሉ ገና ሳይወጣ እንዲረዳው ሊጠይቅ ይችላል። በቃል ስለተነገራችሁ ብቻ ለቃችሁ ብትወጡ «በገዛ ፈቃዱ ነው የወጣ» ሊባልባችሁ ይችላል። ወረቀቱን ይዛችሁ በዚያው ቀን ምክር ጠይቁ።

8ኛ/ መልሱ «አይሆንም» ቢሆንስ? በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ ጠይቁ። ውሳኔው እንደገና እንዲታይላችሁ መብት አላችሁ። በቤት አልባነት ጉዳይ ጊዜው 21 ቀን ነው፤ በምዝገባም ጉዳይ ብዙ ካውንስሎች ይኸንኑ ያህል ይሰጣሉ። ስለዚህ ደብዳቤው በእጃችሁ እንደገባ ቁጠሩ። ሲቲዝንስ አድቫይስ፣ ሼልተር፣ የየሠፈሩ የሕግ ማዕከል በነጻ ይመክራሉ። በካውንስሉ ላይ ያቀረባችሁት አቤቱታ ሰሚ ካጣ የአካባቢ መንግሥት ኦምቡድስማን የሚባለው ቢሮ ያለ ክፍያ ያየዋል።

በመጨረሻም አንድ መራራ ነገር አለ፤ ብደብቃችሁ ወዳጅ አልሆንም። ይኸን ሁሉ አሟልቶም ቤት ሳያገኝ ብዙ ዓመት የሚጠብቅ አለ። በሕጉ መሠረት «ቅድሚያ አለኝ ወይ? ለኔ የሚሆን ቤትስ ምን ያህል ጊዜ ሊወስድ ይችላል?» ብላችሁ ካውንስሉን የመጠየቅ መብት አላችሁ። ጠይቁና ቁርጡን እወቁ። አሥር ዓመት ከሆነ አሥር ዓመት ነው፤ የልጆችን ትምህርት ቤትና ሥራችሁን በዚያ ልክ ታቅዳላችሁ። እኔን የጎዳኝ መጠበቁ ብቻ አልነበረም፤ የት እንደቆምኩ ሳላውቅ መጠበቄ ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይላሉ አባቶቻችን። እንግሊዝኛ የምታነቡ ወጣቶች ለማታነብ እናት በወር አንድ ምሽት ብትሰጡ የስንቱ ስም ከመሰረዝ ይድናል። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ግን ሌላውን ሁሉ ትታችሁ አንድ ነገር አድርጉልኝ፤ በካውንስሉ መዝገብ ላይ ያለው አድራሻ አሁን የምትኖሩበት መሆኑን አረጋግጡ።