የሴት አያቶቻችንን ስም ስለ መፈለግ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በታሪክ ክበብ ስም የተነበበ ንግግር)





የጎጃም ልጅ ትውልዱን እስከ ሰባት ቤት ይቈጥራል ይባላል። ነገር ግን «የአያትህ እናት ማን ትባል ነበር?» ብለን በክፍላችን በጠየቅን ጊዜ አብዛኞቻችን ዝም አልን። ዝምታው አሳፈረንና ምክንያቱን ለመመርመር ተነሣን።

አንደኛው ምክንያት የስማችን ሥርዓት ነው። ልጅ በአባቱ ስም ይጠራል፤ ሚስትም የራሷን አባት ስም እንደ ያዘች ትኖራለች። ይህ ለርሷ ክብር ነው፤ ለልጅ ልጆቿ ግን ስሟ ከሐረጉ ይወጣል። ደግሞም የቤት ስሟ ሌላ፥ የክርስትና ስሟ ሌላ ነው፤ የመነኰሰች እንደ ሆነ ሦስተኛ ይጨመራል።

ሁለተኛው ምክንያት ርስት ነው። በአገራችን ርስት በአባትም በእናትም ይወረስ ስለ ነበር፥ በሴት አያቱ በኩል መሬት የሚደርሰው ሰው ስሟን አጥብቆ ይይዝ ነበር። መሬት ያላመጣች ግን ቶሎ ተረሳች። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ከሆነ ወዲህ ለርስት ሲል ትውልድ የሚቈጥር ስለ ሌለ፥ ዕውቀቱ ከሽማግሌዎቹ ጋራ ወደ መቃብር እየወረደ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉ ይከብዳል፤ እርሱም ዕፍረት ነው። አንዳንዲቱ አያት «ጠፋች» ትባልና ወሬዋ እዚያው ይቆማል።

ይህ የኛ ብቻ አይደለም። በአየርላንድ አገር ብዙ ሴቶች «ጠባያቸው ይታረም» ተብለው፥ በመነኵሳት በሚተዳደሩ የልብስ ማጠቢያ ቤቶች ተዘግቶባቸው ያለ ደመወዝ ይሠሩ ነበር። ለብዙዎቹም ሌላ ስም ይሰጣቸው ነበር። የመጨረሻው ቤት የተዘጋው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1996 ሲሆን፥ የመንግሥቱ መሪ በ2013 በምክር ቤት ቆመው ይቅርታ ጠየቁ።

በኛም አገር በግድ የተወሰዱ ነበሩ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ፋሺስት ኢጣሊያ ብዙ መኳንንትን ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው ወደ አዚናራ ደሴት አጋዘ፤ ልዕልት ሮማነወርቅ ኃይለ ሥላሴም በግዞት ሳሉ በ1933 ዓ.ም. በቱሪን ከተማ ዐረፉ። የልዕልት ስም ተጽፎ ይገኛል፤ የገበሬ ልጅ ስም ግን የሚገኘው በቤተ ሰቧ አፍ ብቻ ነው።

ከኛ አንደኛዋ አያቷን «እማማ፥ እናትዎ ማን ይባሉ ነበር?» ብላ ጠየቀች። «እሱን ተዪው ልጄ፤ የሚወራ አይደለም» አሏት። ከብዙ ወራት በኋላ አንድ ቀን ቡና ሲፈላ አያቷ ራሳቸው ጀመሩ። እናታቸው በልጅነት ተድረው ከባላቸው ቤት ሦስት ጊዜ ኰበለሉ። ልጅ ወልደውም እንደ ገና ስለ ኰበለሉ፥ ወንድሞቻቸው «ትታረም» ብለው ወደ ሴቶች ገዳም ወሰዷቸው። ሕፃኗ ግን በአባቷ ቤት ቀረች፤ እናትሽ ሞታለች ተባለች። ያች ሕፃን የዛሬዋ አያት ናቸው። እውነቱን የሰሙት ካደጉ በኋላ ነው፤ ዕፍረት ይዟቸው ለማንም አልተነፈሱም። ተዝካርም አላወጡላቸው፤ በየትኛው ስም እንደሚያወጡ አላወቁምና።

ልጂቱ ከእናቷ ጋራ ወደ ገዳሙ ሄደች። አንዲት በዕድሜ የገፉ እማሆይ የምንኵስና ስማቸውን ነገሯት፤ ለወጣቶቹ ዳዊት ያስተምሩ እንደ ነበርም ጨመሩላት። ተመልሳ ስሙን በነገረቻቸው ጊዜ አያቷ ሁለት ጊዜ አስደገሟት፤ ከዚያም ቀስ ብለው ራሳቸው ጠሩት። ያ «የሚወራ አይደለም» የተባለ ስም በሚቀጥለው ሳምንት ለፍትሐት ለቄሱ ተሰጠ።

ስለዚህ ጓደኞቻችን ሆይ፥ ይህን እንመክራለን። አስቀድማችሁ በቤት ውስጥ ያሉትን ትልቋን ሴት ጠይቁ። የቤት ስሟን፥ የክርስትና ስሟን፥ የተወለደችበትንና የተዳረችበትን አጥቢያ ለይታችሁ ጻፉ። በርስት ክርክር የቆሙ ሽማግሌዎች ካሉ ሳይዘገይ አነጋግሯቸው። መልስ ቢከለከላችሁ አታስጨንቁ፤ ታገሡ። የሰማችሁትንም አትፍረዱበት፤ ወንዶቹን አያቶቻችንን ከነጥፋታቸው እንቈጥራቸዋለንና።

እናንተም ወላጆቻችን ሆይ፥ ልጆቻችሁ ሲጠይቋችሁ ንገሯቸው። እናት የሌለው ሰባት ቤት የለም፤ እኛም ግማሹን ቈጥረን ሁሉን ቈጠርን እንዳንል እርዱን።